ሰው ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣበት ሱቅ

ውድ እህቴ፣

ትምህርትሽን ጨርሰሽ በእጅሽ የሰፋሻቸውን የቆዳ ቦርሳዎች ኤትሲ በተባለው፣ የእጅ ሥራ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ላይ መሸጥ ከጀመርሽ ስምንት ወር ሆኖሻል። ባለፈው ወር 600 ሰው ሱቅሽን ጎብኝቶ የገዙት 3 ብቻ ናቸው። «ሱቁን ዘግቼ ቢሮ ልቀጠር ወይስ አዳዲስ ዓይነት ልጨምርበት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ለጊዜው አትዝጊው፤ አዲስ ነገርም አትጨምሪበት። 600 ሰው ከመጣ ሱቅሽ አልተደበቀም። ሰው መጥቶ አይቶ ከ200 አንዱ ብቻ ሲገዛ ግን ችግሩ ያለው በፎቶው፣ በመግለጫው ወይም በዋጋው ላይ ነው። ሃምሳ ቦርሳ ብትጨምሪ ያንኑ ችግር ሃምሳ ጊዜ መድገም ይሆናል።

የላክሽልኝን ገጽ ደጋግሜ አየሁት። ስፌትሽ በእውነት ያምራል። ገዢው ግን አያየውም። ቆዳ የሚገዛ ሰው ዕቃው ፊቱ ቢሆን ይዳስሰዋል፣ ያሸተዋል፣ ይከፍተዋል፣ ክሩን በጥፍሩ ይሞክረዋል። ኢንተርኔት ላይ ይህን ሁሉ ማድረግ ስለማይችል ፎቶሽና ጽሑፍሽ እጁን ሊተኩለት ይገባል። አንቺ ግን ቦርሳውን በፍላሽ ከፊት ለፊት አንድ ጊዜ አንስተሽ፣ «ጥራት ያለው የእጅ ሥራ» ብለሽ አልፈሻል። ይህን ማንም ሻጭ ይጽፈዋል።

አንቺ ብቻ ልትጽፊው የምትችይው ሌላ ነው። በአንድ ክርና በሁለት መርፌ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሁለቱም ወገን እያለፍሽ ትሰፊያለሽ። የማሽን ስፌት ሁለት ክሮች ተቆላልፈው የሚይዙት ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ሊተረተር ይችላል፤ የአንቺ ግን አንድ ቦታ ቢበጠስ ከሌላው ወገን ያለፈው ክር ይይዘዋል። ይህን ሳትናገሪ ስምንት ወር መቆየትሽ ቆጭቶኛል! ቆዳው በዕፅዋት የተለፋ መሆኑን፣ በብርሃንና በእጅ ንክኪ ቀለሙ ቀስ በቀስ እየጠቆረ እንደሚሄድም ንገሪው። ቀድሞ ያልተነገረው ገዢ ለውጡን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ቅሬታ ይልክልሻል፤ የተነገረው ግን ለዚሁ ሲል ይገዛዋል።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት ቦታ አንሺ። ቦርሳው በሰው እጅ ተይዞ መጠኑ ይታይ፤ ተከፍቶ ውስጡ ይታይ፤ ስፌቱ ለብቻው በቅርበት ይታይ። ልኩን በሴንቲሜትር ጻፊ። ኤትሲ ለአንድ ዕቃ 13 መለያ ቃላት ሲፈቅድ አንቺ 5 ብቻ ሞልተሻል፤ ቀሪዎቹን ገዢ ሲፈልግ በሚጽፋቸው ሐረጎች ሙያቸው፤ «ቀጭን የኪስ ቦርሳ»፣ «ለአባት የሚሆን ስጦታ» እንደሚሉት።

ዋጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። «የጥሬ ዕቃውን ወጪ በሁለት አባዛለሁ» ብለሽኛል። በዚህ ስሌት በውድ ቆዳ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው የሳንቲም ቦርሳ፣ በርካሽ ቆዳ ስድስት ሰዓት ከሚፈጀው ትልቅ ቦርሳ እኩል ሊሸጥ ይችላል። የአንቺ ድካም የትም ቦታ አልተቆጠረም። መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋሽን ወስኚ፤ ከዚያ ጥሬ ዕቃውን፣ ማሸጊያውን፣ የገበያውን ኮሚሽን ደምሪበት። ኤትሲ ከሽያጭ የሚወስደው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የሚሰላውም የማጓጓዣውን ክፍያ ጨምሮ ነው። አዲሱ ዋጋ ሊያስደነግጥሽ ይችላል። በዚያ ዋጋ የማይሸጥ ዕቃ ካለ፣ ዋጋውን ከመቀነስ ዕቃውን መተው ይሻልሻል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቢሮው ሥራ፦ አመልክቺ። የሱቁ ገቢ ኑሮሽን እስኪሸፍን ድረስ ደመወዝ ያስፈልግሻል፤ በዚህ ማፈር የለብሽም። በሥራ ልምድ መግለጫሽ ላይ ግን ሱቁን «በትርፍ ጊዜ የምሠራው» ብለሽ አታሳንሺው። ዋጋ ተምነሻል፣ ከደንበኛ ጋር ተጻጽፈሻል፣ ትዕዛዝ በቀኑ አድርሰሻል፤ ከነቁጥሩ እንደ ማንኛውም ሥራ አስፍሪው።

አሁን አምስት ቦርሳ ብቻ መርጠሽ ፎቶውን፣ መግለጫውንና ዋጋውን ቀይሪ፤ ሌሎቹን አትንኪ። ከአንድ ወር በኋላ የአምስቱን ጎብኚና ሽያጭ ከቀሩት ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ፤ ሱቁን ስለ መዝጋት የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን።