ስለ ኦስታሪንና ላሲክስ ለጠየቅኸው ወንድም

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። 64 ኪሎ ነህ፣ በ60 ኪሎ ምድብ መግባት ትፈልጋለህ። ጂም ውስጥ አንድ «የሚያውቅ» ልጅ ኦስታሪን የሚባል እንክብል (እንደ ስቴሮይድ ጡንቻ የሚገነባ) ለጉልበት፣ ላሲክስ (ሽንት የሚያሸና ክኒን) ደግሞ ለሚዛን አምጥቶልሃል። «ቦክስ ላይ ይሠራል ወይ? ምርመራስ ይይዘዋል ወይ?» ነው ያልከው። እዚህ ሥር «ሞክረው፣ ምንም አይልህም» እያሉ የጻፉልህን ተዋቸው። ሚዛን ላይ ቆመው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ በክለብ ደረጃ ተወዳድሬያለሁ፣ አሁን ልጆች አሠለጥናለሁ። ነገሩ ስላቃጠለኝ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

1. ይሠራል ወይ?

ይሠራል። አይሠራም ብዬ አልዋሽህም። ግን ጂም ውስጥ እንደሚወራው አይደለም። የስቴሮይድ ዓይነቶቹ ለቡጢኛ ትልቁ ጥቅማቸው ጡንቻ ማሳበጡ አይደለም፣ ማገገሙ ነው። ትናንት ከባድ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የሠራ ሰው ዛሬም ደግሞ ይሠራል። ኢፒኦ የሚባለው ሌላው የተከለከለ መድኃኒት ደግሞ ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች እግር እንዳይከዳህ ያደርጋል። (ይህን ሥራ በከፊል ከፍታ በነፃ ይሠራልሃል። እንጦጦ እየሮጥክ ስለ ኢፒኦ የምትጠይቀኝ ከሆነ ግን እንጣላለን።)

አሜሪካዊውን ቡጢኛ ሼን ሞዝሊን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስካር ዴ ላ ሆያን ለሁለተኛ ጊዜ ሲገጥም ኢፒኦና ባልኮ ከሚባለው የአሜሪካ ላቦራቶሪ የወጡ ስቴሮይዶች ወስዶ ነበር። የተከለከሉ መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብሏል። ሦስቱም ዳኞች 115 ለ113 ሰጡት። ጠባብ ድል ናት። በ2000 ግን፣ ባልኮ የሚባል ነገር ስሙ ሳይነሳ፣ ያንኑ ኦስካርን አሸንፎት ነበር። ታዲያ መድኃኒቱ ምን ጨመረለት? ማንም ለክቶ ሊነግርህ አይችልም። ስሙ ላይ የቀረውን ግን ሁሉም ያውቃል።

አንተ የጠየቅኸውን ኦስታሪንን ደግሞ አሜሪካዊው ቡጢኛ ራያን ጋርሲያ ላይ እየው። ኤፕሪል 2024 ብሩክሊን ላይ ዴቪን ሄኒን ሦስት ጊዜ ጣለው። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ነበር ያየነው። በኋላ ናሙናው ውስጥ ኦስታሪን ተገኘ። እሱ የተበከለ ሰፕሊመንት ነው ብሎ ተከራከረ። መጨረሻው ምን ሆነ? አንድ ዓመት ታገደ፣ 10 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፍያውን አጣ፣ ድሉም ተሰረዘ። ሚዛን ላይ ደግሞ ከገደቡ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ አልፎ ነበር የመጣው። እንግዲህ ከእነዚያ ሦስት ውድቀቶች ስንቱ የኦስታሪን፣ ስንቱ የኪሎው፣ ስንቱ የግራ ሁኩ እንደሆነ አንተው ንገረኝ።

ርቀት መለካትን፣ አገጭ መደበቅን የሚያስተምር እንክብል የለም። ይህን ታውቀዋለህ፣ አልደግምልህም።

2. ምርመራ ይይዘዋል ወይ?

ኦስታሪንን? አዎ ይይዘዋል። የዛሬ ላቦራቶሪዎች እጅግ ጥቃቅን መጠኑን ሽንት ውስጥ ያገኙታል። ምን ያህል ጥቃቅን ካልከኝ ቨርጂኒያ ፉክስ የምትባል አሜሪካዊት ቡጢኛ አለች። በ2020 ናሙናዋ ውስጥ ሁለት የተከለከሉ ነገሮች ተገኙ። ሲጣራ እሷ የወሰደችው ነገር የለም፤ የወሰደው ፍቅረኛዋ ነው። በመካከላቸው ባለው ግንኙነት ወደ እሷ ተላልፎ ነው የተገኘው። ነጻ ተባለች፣ ቶኪዮ ኦሊምፒክም ሄደች። በፍቅር የተላለፈውን ካገኙ አንተ በውኃ የዋጥከውን ያጡታል?

«ፕሮፌሽናሎቹ እኮ እየወሰዱ ያመልጣሉ» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ ያመልጡ የነበሩ አሉ። ሞዝሊን እንኳ ያጋለጠው የሽንት ናሙና ሳይሆን የመንግሥት መርማሪዎች ባልኮን ሲበረብሩ ነው። የፕሮፌሽናል ቦክስ ባለቤቱ አንድ አይደለም። ኮሚሽኑ ብዙ ነው፣ ቀበቶው ብዙ ነው። ቫዳ የሚባለው የበጎ ፈቃድ ፀረ-አበረታች ድርጅት የሚመረምረው ተፋላሚዎቹ ሲስማሙ ወይም ቀበቶ ሰጪው ሲያስገድድ ነው። ሜይዌዘርና ፓኪያዎ በደም ምርመራ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው እስከ 2015 ሳይገናኙ የኖሩትም ለዚህ ነው። ግን አንተ ላስ ቬጋስ አይደለህም። አማተር ነህ፣ በዋዳ (በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ) ሕግ ሥር ነህ። ኦስታሪን ደግሞ በውድድር ቀን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው። የተለመደው ቅጣቱ 4 ዓመት ነው። በአንተ ዕድሜ 4 ዓመት ማለት ያው ዕድሜ ልክ በለው።

ያመጣልህም ልጅ ጨዋታ አይምሰለው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 526 የሚያወራው ስለዚሁ ስለ አበረታች ቅመም ነው።

3. ላሲክስ

ይኼኛው የበለጠ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሁሉም ቤት አለ። አያትህ ለደም ግፊት ወይ ለልብ የምትወስደው ክኒን ነው። ሽንት ያሸናል፣ ኪሎ ይወርዳል፣ ሚዛኑ ደስ ይለዋል። ከዚያ ውኃና ፖታሲየም አልባ ሆነህ ጭንቅላትህን ለቡጢ ትሰጣለህ። የልብ ምት የሚያዛባው ይኸው ነው። ላሲክስም በማንኛውም ጊዜ ክልክል ነው። ኩባዊው ቡጢኛ ሉዊስ ኦርቲዝ በ2017 ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ዋይልደር ጋር የነበረው የሻምፒዮና ግጥሚያ የተሰረዘበት በኮኬይን አይደለም፣ በሽንት በሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። የደም ግፊት ሕመምተኛ ነኝ አለ። መድኃኒቱን ግን አስቀድሞ አላስመዘገበም ነበር።

4. ዋናው ነገር

አሁን አስብ፣ ኦስታሪኑንም ላሲክሱንም ጣልከው እንበል። ነጻ ወጣሁ ብለሃል። አልወጣህም። እኔን ያቃጠለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዱ፣ እንዳንተው የ60 ኪሎ፣ ትከሻውን አመመው። ለውድድር ሁለት ቀን ቀርቶናል። ሳይነግረኝ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደ። ማታ ልምምድ ላይ እየሳቀ መጣ። «ጋሼ፣ መርፌ ወግተውኝ ለቀቀኝ።» «ምን መርፌ?» «እኔ እንጃ፣ የሕመም ማስታገሻ።»

ዲክሎፌናክ (ተራ የሕመም ማስታገሻ) ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን፣ እብጠት የሚያበርድ የኮርቲዞን ዓይነት) ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥ ማንኛውም ዴክሳና ዘመዶቹ በውድድር ጊዜ ክልክል ናቸው። ዴክሳ በጡንቻ ከተወጋ ከሰውነት እስኪወጣ ከውድድር በፊት ቢያንስ 5 ቀን ይፈልጋል። የእኛ ሁለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሄድኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ የመርፌውን ስም በወረቀት ጻፉልኝ። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ካርዱ የክሊኒኩ ንብረት ነው» አለችኝ። ካርዱን ማን ፈለገ! ስሙን ብቻ ነው አልኳት። «አንተ ምኑ ነህ?» አሠልጣኙ ነኝ። «ወላጁ ይምጣ።» ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ አጠገቤ ቆሟል። እሱ ራሱ ጠየቃት። «ኃላፊው ሲመጡ» አለችው። ኃላፊው ከምሳ በኋላ መጡና «እናንተ ስፖርተኞች ነገር ታካብዳላችሁ፣ ለሁሉም ሰው የምንሰጠውን ነው የሰጠነው» ብለውኝ ቢሯቸው ገቡ። ለሁሉም ሰው የምትሰጡት ስም የለውም እንዴ?

በመጨረሻ ያዳነችን የመርፌ ክፍሏ ነርስ ናት። ምንም ሳትናገር መዝገቡን ወደ እኛ አዞረችው። የልጁ ስም፣ ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዲክሎ + ዴክሳ»፣ ከዚያ ፊርማዋ። በቃ። ለአንድ መስመር ግማሽ ቀን።

ልጁን ከውድድሩ አወጣሁት። አልቅሷል፣ አልደብቅህም። የክለቡ ሰዎች ደግሞ ጮኹብኝ። «ማን ሊመረምረው ነው? ዝም ብለህ አታስገባውም?» በኋላም «ምርመራ እኮ አልነበረም» እያሉ ሊያሾፉብኝ የሞከሩ አሉ። ቢኖርስ? ናሙና ሲወሰድ በሰሞኑ የወሰድከውን መድኃኒት ሁሉ ጻፍ የሚል ቅጽ ይሰጥሃል። «አንድ መርፌ» ብሎ ነው የሚጽፈው? የሕክምና ፈቃድ (የተከለከለ መድኃኒት ለሕመም እንድትወስድ የሚፈቅድ) ልጠይቅ ብትልም መጀመሪያ የሚጠይቁህ የሐኪም ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ ያቺ ልጅ ከስልኳ ቀና ካላለች አታገኘውም።

ያ ልጅ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ኪሎ ሜዳልያ ወስዷል። የጮኹብኝ ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ከፊት ነበሩ።

ስለዚህ መርፌ ከመወጋትህ በፊት ስፖርተኛ ነኝ በል፣ የብልቃጡን ፎቶ አንሳ። የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን መጠየቅም መብትህ ነው። «እነሱ ናቸው የሰጡኝ» የሚል መከላከያ ብዙ ርቀት አይወስድህም። እንግሊዛዊው ቡጢኛ ዲሊያን ዋይት በ2012 ከሱቅ በገዛው ማነቃቂያ ዱቄት ሁለት ዓመት ታግዷል። አውቆ እንዳልወሰደ አምነውለት እንኳ «ማጣራት ነበረብህ» አሉት። በ2023 ደግሞ ያው ሰውዬ እንደገና ተገኘበት ተባለና ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋር የነበረው ግጥሚያ ተሰረዘ። ቆይቶ የተበከለ ሰፕሊመንት ነው ተብሎ ነጻ ወጣ። ግጥሚያው ግን አልተመለሰለትም።

ስለ ኪሎው፦ 4 ኪሎ በሁለትና ሦስት ወር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጊዜ ከሌለህ ከፍ ባለው ኪሎ ግባ። እኔ ራሴ ከፍ ባለው ኪሎ ነው ጥሩ የተወዳደርኩት፣ ምሳ በልቼ የመጣሁ ስለነበርኩ ይመስለኛል።

የእንክብሉን ጠርሙስ ፎቶ ኢንቦክስ ላክልኝ፣ ስያሜው በደንብ ይታይ። አሠልጣኝህ ካላወቀ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረው። ያመጣልህ እሱ ራሱ ከሆነ ክለብ ቀይር።