ባህር የለንም ብለሽ አትቅሪ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በፊዚክስ ተመርቀሻል። ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ማስተርስሽን እንድትማሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝተሻል። ርዕሱ ሳተላይት የሚለካውን የባህር ከፍታ ማረም ነው። አባትሽ ግን «ባህር በሌለው አገር ይሄ ምን ይሠራል? ባንክ ግቢ» አሉሽ። አንቺም «ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ሳርም ልኖር ነው?» ብለሽ ሰጋሽ።

ያልተዋጠልኝ ይሄ የአንቺ ስጋት ነው። ሴንቲኔል 6 የተባለው የባህር ከፍታ የሚለካ ሳተላይት ከ1,336 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የራዳር ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ውሃውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይነግረናል። መንገድ ላይ ግን አየሩ ያዘገየዋል። ደረቁ አየር ብቻውን ርቀቱን በ2.3 ሜትር ያህል ያስረዝመዋል። እርጥበቱ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምርበታል። አዮኖስፌሩ (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር) እና ማዕበሉም የየራሳቸውን ያክላሉ። የምንፈልገው ደግሞ በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን የባህር ጭማሪ ነው! ካልታረመ ምን ሊታይ?

ለአባትሽ ጣናን ንገሪያቸው። እሱም ከሳተላይት ይለካል። የደረቁ አየር እርማት፣ ማለትም ከተለካው ርቀት ላይ የሚቀነሰው፣ በአየር ግፊት ይወሰናል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ እርማቱም ወደ 1.9 ሜትር ይወርዳል። የባህሩን 2.3 እንዳለ የተጠቀመ ሰው ሐይቁን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ያነሳዋል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ዳር ነው። ውሃ ውስጥ የቆመ ባለቁጥር ዘንግ ጠዋት ማታ እያየሁ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። አንድ ክረምት ዘንጉ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ውሃው የጨመረ መሰለን። ዘንጉን መለስ ብሎ ያጣራ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላጣራሁም። የክረምቱ መዝገብ በሙሉ ተጣለ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገንዘቡን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። የስኮላርሺፕ ገንዘብ ለአንድ ተማሪ መኖሪያ ነው። ለታናሽሽ የትምህርት ቤት ክፍያ እልካለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። ታላቅ ወንድምሽ ደመወዝተኛ ነው ብለሻል። ታዲያ ሸክሙ ለምን አንቺ ላይ ብቻ ይወድቃል? አባትሽ ይቆጡ ይሆናል፤ ቢሆንም ይነገራቸው።

ፈረንሳይኛው እዚያው ይለመዳል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ከዛሬ ጀምሪ።

ከመፈረምሽ በፊት ለአማካሪ መምህርሽ አንድ ጥያቄ ጻፊ፦ የመመረቂያ ሥራዬን ሐይቅ ላይ ማድረግ እችላለሁ?