ደንበኛ የሚጠይቀው ሌላ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይቺ ነበረች፦ «የስማርት ሰዓቴ ስክሪን ተሰነጠቀ። አሁን ካሉት አንዱን ልግዛ ወይስ የሚቀጥሉት እስኪወጡ ልታገስ? እናንተስ ከሚቀጥለው ሰዓት ምን ትፈልጋላችሁ?» ብዙዎቹ የሞዴል ስም ጽፈውልህ አልፈዋል። እኔ ትንሽ ላረዝመው ነው፤ ቻል አድርገኝ።

መገናኛ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስልክ፣ ከቨር፣ ኢርፎን፣ ሰዓት እሸጣለሁ። ቀለል ያለ ጥገናም እሠራለሁ። ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ፕሮሰሰር የጠየቀኝ የሰዓት ገዢ ትዝ አይለኝም። ስለ እንቅልፍ ደረጃ የጠየቁኝ ሦስት ቢሆኑ ነው። ሰው ሰዓቱን ከመስታወቱ ውስጥ አስወጥቶ ግራ እጁ ላይ ይለካና መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ቻርጅ ስንት ቀን ይይዛል?»

«አንድ ቀን» ስለው ፊቱ ይቀየራል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዲት እናት «ልጄ፣ አንዱን ስልክ ቻርጅ ማድረግ መች ቻልኩና ነው ሁለተኛ የምጨምረው» ብላኝ ሄዳለች። እውነቷን ነው። ማታ መብራት ይሄዳል። ፓወር ባንኩ ላይ የቀረችው ትንሽ ነች። ስልክህን ነው የምትሰካው ወይስ ሰዓትህን? መልሱ የታወቀ ነው። ጠዋት ሰዓቱ ሞቶ ይገኛል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረገ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። «ያገለገለ ሰዓት ትገዛለህ?» እያሉ ከሚያመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ አልተበላሹም፤ ከመሳቢያ የወጡ ናቸው።

ብዙ ቀን የሚቆይ ሰዓት ደግሞ ገና የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም። ፔብል የሚባለው ሰዓት (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በ2012 ኪክስታርተር ላይ (ሰው ገና ላልወጣ ዕቃ ቀድሞ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ ነው) ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንት ገደማ ይሄዳል። በ2015 አፕል መጣ። ስክሪኑ የስልክ ያህል ያማረ፣ ባትሪው ግን 18 ሰዓት። ገበያው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ፤ ፔብል በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። አፕል ራሱ 18ቷን ሰዓት ለዓመታት ይዟት ቆየ፤ 36 ሰዓት ያለው በ2022 አልትራ የሚባለውን ትልቁን ሰዓት ሲያመጣ ነው። በሌላ በኩል ሁዋዌ ጂቲ የሚላቸው ሰዓቶች፣ በተለይ ትልቁ መጠን፣ ሁለት ሳምንት ይሄዳሉ ተብለው ነው የሚሸጡት። ምክንያቱ ምትሃት አይደለም። ውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር ቀለል ያለ ነው፤ ብዙ አፕ አይጭኑም። ይባስ ብሎ በ2025 የፔብል መሥራች ተመልሶ 30 ቀን የሚሄድ ሰዓት ይዤ መጥቻለሁ አለ። ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን ነገር ናፍቆ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ፣ ኩባንያዎቹ አንድ ነገር አልሰሙም ማለት ነው።

ከባትሪው ቀጥሎ የሚያናድደኝ ቻርጀሩ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ማግኔት አለው። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። እዚያው ኩባንያ ውስጥ እንኳ የአምናው ለዘንድሮው ላይገጥም ይችላል። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ከደሴ ደወለልኝ። ቻርጀሩን አውቶብስ ውስጥ ረስቶት ከተማውን ሁሉ ዞሮ አጣ። ፎቶ ላክልኝ አልኩት፤ የሱ ቻርጀር ሁለት የብረት ነጥብ ያለው ነው፣ እኔ ያለኝ አራት ነጥብ ነው። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ስልክ፣ ታብሌት፣ ኢርፎን ሁሉ በታይፕ ሲ ይሁን ሲል ስማርት ሰዓት ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳ አይወጣለትም ይሆናል፤ ይገባኛል። ግን ማግኔቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ቢሆን ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። ይሄ እኛን ብቻ ስለሚመለከት ማንም አይጽፍልንም። አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ርካሽ ሰዓት ከኔ ገዝቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «ሚስቴ መልእክት ላከችልኝ፣ እየው» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ስልኩን ከፈትነው፦ «ዳቦ ይዘህ ና» ነው የሚለው። ዳቦውን ሳይዝ ገብቶ ተጣልተዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚጋራው የፊደላት መዝገብ ነው) የገባው በ1999 ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ርካሾቹ ሰዓቶች ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ ፊደል ይጭኑና የኛን ከ300 በላይ ሆሄ ይተዉታል። ስልክህ አማርኛ ስለሚያነብ ሰዓቱም ያነባል ብለህ እንዳትሸወድ። ሰዓቱ የራሱ ፊደል ያስፈልገዋል።

ሰዓት አቆጣጠራችንም ሌላ ጣጣ ነው። ባለ እጅ ሰዓት ላይ ችግር የለም፤ ሁላችንም ልጆች ሆነን እንደተማርነው ተቃራኒውን ቁጥር እናነባለን ወይም ስድስት ሰዓት እናዞረዋለን። ዲጂታል ላይ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት 08:00 ብሎ ይመጣል። አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ራሱ ሰዓቱ ላይ ገብቶ 02:00 አደረገው። ደስ አለው። ብሉቱዝ ከስልኩ ጋር ሲገናኝ መልሶ 08:00። እንደገና አስተካከለ፤ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ የስልኩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተተው። ከዚያ የባንኩ አፕ አልከፍት አለ፣ መልእክቶቹ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራረቀ። እኔ ጋ ሲመጣ «ሰዓት ገዝቼ ሰዓት አጣሁ» ነው ያለኝ። እሱ የሚፈልገው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ «የኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል። ከታችዋ ቀኑ፣ ጳጉሜንም ጨምሮ። ይሄን ለመሥራት አዲስ ሴንሰር አያስፈልግም። ሰዓቱን ስድስት መቀነስ፣ ቀኑን በኛ መቁጠር ነው።

ስለ ጤናው ብዙ እላለሁ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው።

ሁለተኛው የደንበኛ ጥያቄ «ግፊት ይለካል?» ነው። ሦስተኛው «ስኳርስ?» እነዚህን የሚጠይቁት ወጣቶች አይደሉም። እናቱን ወይም አባቱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው፤ ወይም ለእናቷ የምትገዛ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አከፋፋይ ካርቶኑ ላይ «ስኳር፣ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ የልብ ምት» የተጻፈበት ሰዓት አመጣልኝ። ዋጋው ደስ ይላል። ከመሸጤ በፊት እስኪ ልየው ብዬ የእጅ ፎጣ ጠቅልዬ አሰርኩበት። ጥቂት አሰበ። የፎጣው የልብ ምት 74። ግፊቱ 118 በ76። ስኳሩ 98። ከኔ የተሻለ ጤነኛ ፎጣ ነው። ካርቶኑን ዘግቼ መለስኩለት። እሱ ግን «ሌላው እየሸጠው ነው» ብሎ ወሰደው።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው በውሸት ቁጥር ኢንሱሊኑን ቢጨምር ወይም ቢዘል ሕይወቱ ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በፌብሩዋሪ 2024 በግልጽ አስጠንቅቋል፦ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር እንዲለካ ፈቃድ የሰጠሁት ሰዓትም ሆነ ቀለበት የለም ብሎ። ከጣት ደም ወስዶ ወይም ክንድ ላይ ተለጥፎ የሚለካ መሣሪያ ቁጥሩን ወደ ሰዓት ቢልክ ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ ራሱ ለካሁ ካለህ ግን ፎጣዬን አስታውስ።

ግፊትም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከሰዓቱ ጀርባ ያለችው አረንጓዴ መብራት የምታየው ደም ሲመጣና ሲሄድ ነው፤ ደሙ ብርሃኑን ይመጥጠዋል፣ ከዚያ ምቱ ይቆጠራል። ለልብ ምት ጥሩ ትሠራለች። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅህ ከቀዘቀዘ ወይም ንቅሳት ካለብህ ትሳሳታለች። ጠቆር ያለ ቆዳም ብርሃኑን ስለሚመጥጥባት ሥራው ይከብዳታል። ከዚህ ተነስቶ ግፊት መገመት ሌላ ደረጃ ነው። ሳምሰንግ ግፊት የሚያሳዩ ሰዓቶቹን በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ አስተካክሉ ይላል። ሁዋዌ ዋች ዲ ብሎ ያወጣው ደግሞ ማሰሪያው ውስጥ እውነተኛ የሚነፋ ከረጢት አለው፤ እጅህን ጨመቅ ሲያደርግህ ይሰማሃል። አፕል በ2025 ያመጣው ዘዴ ደግሞ ቁጥር የሚባል ነገር አይሰጥም። የ30 ቀን መረጃ አይቶ «የከፍተኛ ግፊት ምልክት አይቻለሁ፣ በትክክለኛ መለኪያ ተለካ» ነው የሚለው። እኔ ይሄን ወደድኩት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰዓት። ደንበኞቼ ሲሰሙት መጀመሪያ «ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» ይላሉ፤ የፎጣውን ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ይገባቸዋል።

እርምጃ ቆጠራውን ቢያሻሽሉልን ደግሞ አልጠላም። እናቴ አንድ እሑድ ሰዓቴን አድርጋ ቡና ወቀጠች። ከሙቀጫው ሳትነሳ 400 ምናምን እርምጃ ሄደች። እኔም ከመገናኛ ሲኤምሲ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተራመድኩ አይጠየቅም። በሰሙነ ሕማማት አንድ ደንበኛዬ ሲሰግድ ሰዓቱ «ወድቀሃል? እርዳታ ልጥራ?» እያለ አስቸግሮት አውልቆ ኪሱ ከቶታል።

ሯጮች የተለዩ ናቸው። ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ፣ ኅዳር ላይ፣ ሱቄ ይሞላል። እነሱ የሚሉት አንድ ነው፦ ስልክ ቤት ትቼ እንጦጦ ልውጣ፣ ኪሎ ሜትሩን በትክክል ይንገረኝ። ለዚህ ሰዓቱ የራሱ ጂፒኤስ ሊኖረው ይገባል። ርካሾቹ «ጂፒኤስ» ብለው ይጽፉና የስልክህን ጂፒኤስ ነው የሚበደሩት። ስልኩን ቤት ከተውከው እጅህ ስንቴ እንደተወዛወዘ እያየ ይገምታል።

አንድ ነገር ደግሞ ውጭ ዘመድ ላላችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን ሰዓት እንደታሸገ ይዛ መጣች። ስልኳ አንድሮይድ ነው፤ ሰዓቱ ከዚያ ጋር አይሠራም። ስነግራት «ሰዓት አይደል እንዴ? ሰዓት ለማየት ስልክ መቀየር አለብኝ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የአፕል ሰዓት አይፎን ይፈልጋል። የሳምሰንግ ደግሞ ከ2021ዱ ጋላክሲ ዋች 4 ወዲህ ከአይፎን ጋር አይሆንም። ስለዚህ የምትልኩ ሰዎች፣ ሰርፕራይዝ ለማድረግ ብላችሁ ስልኩን ሳትጠይቁ አትላኩ። የሚቀጥለው ትውልድ ይሄን አጥር ቢያፈርስ ግማሽ ደንበኞቼ ይመርቁታል፤ ኩባንያዎቹ ግን ስልካቸውን የሚሸጡበት ዘዴ ስለሆነ ያደርጉታል ብዬ አልጠብቅም።

ጥገናው ላይ የኔም ጥቅም ስላለበት በአጭሩ፦ አብዛኛው ሰዓት በሙጫ የተለጠፈ ነው። ባትሪ ለመቀየር ሞቅ አድርጌ ስክሪኑን እነቅላለሁ። ብመልሰውም ውኃ የመከላከል አቅሙ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ለደንበኛው ቀድሜ እነግረዋለሁ። ሁለት ዓመት ተጠቅመህ ባትሪው ሲደክም ሌላ ግዛ ማለት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ማለቴ ነው (ይቺን ብቻ በኛ አቆጣጠር ጻፍኩ)፣ «ሌላ ግዛ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ወጣቶቹ በሰዓት መክፈል ይፈልጋሉ። ቴሌብር ስልካቸው ላይ አለ፤ ኪውአሩን ሰዓቱ ላይ ማሳየት ቢቻል ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን ለእሱ ብዬ ሰዓት አልቀይርም።

እንግዲህ ላንተ። በሚቀጥለው ትውልድ ስክሪኑ ይበልጥ ይደምቃል፣ ውፍረቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ አንድ ሁለት አዲስ መለኪያ ይጨመራል። ለእነዚህ ስትል ተሰንጥቆ የሚቧጭርህን ስክሪን ይዘህ አንድ ዓመት አትጠብቅ። አዲስ ሞዴል ሲወጣ የአምናው ዋጋው ስለሚወርድ፣ አሁኑኑ የአምናውን መግዛት ነው የሚሻለው። ግን ሱቅ ሄደህ ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር አድርግልኝ። ሻጩን ፎጣ ወይም ሶፍት ጠቅልሎ ሰዓቱን እንዲያስርበት ጠይቀው፤ ግፊት ካወጣ ተነስተህ ሂድ። ከዚያ ሰዓቱን ከስልክህ ጋር አገናኝና ጓደኛህ በአማርኛ አንድ መልእክት ይላክልህ። ሳጥን ሳጥን ከመጣ መልስለት። ስልክህ ምን እንደሆነና ስንት ብር እንደመደብክ ደግሞ ከታች ጻፍልኝ፤ ያለ እሱ ስም ጠርቼ ይሄን ግዛ ማለት አልችልም።