ከብዙ ተከታይ ጥቂት ጠያቂ

ይህን የምጽፈው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላላችሁ ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር ሳገናኝ ነው። ሰርቨር፣ ገመድ፣ ራውተር፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጮህ ስልክ። ስለዚህ የምለውን ቴክኖሎጂ የሰለቸው ሽማግሌ ወቀሳ አድርጋችሁ አትቁጠሩብኝ። ኢንተርኔት ያበላኝ፣ ልጆቼንም ያስተማረልኝ ነገር ነው።

ሥራ ላይ ሳለሁ አብረውኝ የነበሩት ወጣቶች ስለ ሙያው ይጠይቁኝ ነበር። አሁን ሲደውሉ ወሬያቸው ሌላ ሆኗል። "ሰው አጣሁ" ይሉኛል። ስልካቸው ውስጥ ግን ሺህ ሰው አለ። ልደታቸው ሲደርስ መቶ ሰው "መልካም ልደት" ይላቸዋል። ታመው ቢተኙ ማን ደውሎ እንደሚጠይቃቸው ግን እርግጠኛ አይደሉም።

በመጀመሪያ ላረጋጋችሁ። ዕድሜ ሲገፋ የወዳጅ ቁጥር መቀነሱ የእናንተ ጉድለት አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰን ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ሰው ከፊቱ ያለው ጊዜ ረጅም ሲመስለው አዲስ ሰውና አዲስ ነገር ያሳድዳል። ጊዜው አጭር መሆኑ ሲሰማው ደግሞ ልቡ ወደ ጥቂት ሰዎች ያዘነብላል። ዳር ዳር ያሉት ይራገፋሉ፣ የቅርቦቹ ይቀራሉ። ይሄ እርጅና ብቻ የሚያመጣው አይደለም፤ ልጅ የወለደ፣ አገር የለወጠ፣ ሥራ የበዛበት ሁሉ ይደርስበታል።

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሮቢን ደንባር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጡት ቁጥርም አለ። አንድ ሰው በቅጡ ሊይዘው የሚችለው ግንኙነት 150 ገደማ ነው ይላሉ። ከዚያ ውስጥ 50ው ጓደኛ፣ 15ቱ የቅርብ፣ 5ቱ የልብ ወዳጅ። በ2021 የስዊድን ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሠርተው እንዲህ ቁርጥ ያለ ቁጥር ማውጣት አይቻልም ብለዋል። እኔ በቁጥሩ አልከራከርም። 5 ይሁን 8፣ በሌሊት የሚደወልላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የቴክኖሎጂ ነገር በዚያ ለምዶብኛል።)

ታዲያ እነዚህ ጥቂት ሰዎች ከትልልቆቹ መድረኮች ለምን አይገኙም? ፌስቡክ በ2004 ሲጀምር የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መገናኛ ነበር። በ2006 ለሁሉም ተከፈተ። በዚያው ዓመት የሁሉም ሰው ወሬ በአንድ ገጽ ላይ መውረድ ጀመረ። በ2009 ላይክ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ማውራት የነበረው ነገር ለተመልካች መናገር ሆነ። አለቃችሁም፣ አክስታችሁም፣ የድሮ ፍቅረኛችሁም ያንኑ አንድ ፖስት ያነባሉ። ለአክስት የሚነገር ለአለቃ አይነገርም። ስለዚህ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያሳምራል። ያሳመረውን ሰው ደግሞ "እንዴት ነህ?" የሚለው የለም። ደህና መሆኑን ፎቶው ተናግሮለታል።

የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ራሱ በማርች 2019 ባወጣው ጽሑፍ፣ በፍጥነት እያደጉ ካሉት ነገሮች መካከል የግል መልእክትና ትንንሽ ግሩፖች እንደሚገኙበት ጽፏል። ሰዉ ከአደባባይ ወደ ጓዳ እየገባ መሆኑን ባለ አደባባዩም አይቶታል ማለት ነው።

ጓዳው ግን አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ዘመን ሰዎች የጀመርነው ከዚያ ነው። ከ1980 ጀምሮ ዩዝኔት የሚባል የጽሑፍ መወያያ ነበር። በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ፊንላንዳዊ አይአርሲ የተባለውን ቻት ሠራ። ፎቶ የለ፣ ላይክ የለ፣ ጥቁር ስክሪንና ፊደል ብቻ። ዩዝኔት ላይ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲመጣ አዳዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገቡ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ይረብሻሉ። ነባሮቹ ይቆጧቸዋል፣ ያርሟቸዋል፤ ከዚያ ወጉን ይለምዱና የቤቱ ሰው ይሆናሉ። ከ1993 በኋላ ግን ትልልቅ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኞቻቸውን በገፍ ማስገባት ጀመሩ። ጎርፉም አልቆመም። የድሮዎቹ ተጠቃሚዎች ያንን ወቅት "የማያልቀው ሴፕቴምበር" ብለው ሰየሙት።

ነባሮቹ ጥፋቱን በአዲስ ገቢዎቹ ላይ አሳበቡ። እኔ አልስማማም። አዲሶቹ መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ በአንድ ጊዜ በዝተው መጡ እንጂ። አንድ ስብስብ እንግዳን የሚያለምደው ቁጥሩ ከነባሩ ሲያንስ ነው። ሲበልጥ ወግ የሚያስተምር ይጠፋል፣ ሁሉም እንግዳ ይሆናል። ዛሬ ዋትስአፕ አንድ ግሩፕ ውስጥ 1024 ሰው ያስገባል፣ ቴሌግራም ደግሞ እስከ 200,000። ሶፍትዌሩ ስለፈቀደ ግን መሙላት የለባችሁም።

እኔ ያለሁበትን አንድ ግሩፕ ላሳያችሁ። የድሮ የሙያ ሰዎች ነን፣ ከሠላሳ አንበልጥም። አንደኛው በየማለዳው የመስኮቱን ፎቶ ይለጥፋል። ያው ሰማይ፣ ያው ጣሪያ፣ ያው የሳተላይት ዲሽ። መልስ የሚሰጠው የለም። እውነት ለመናገር አንዳንዶቻችን እንሳሳቅበት ነበር። አንድ ማለዳ ፎቶው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። በሦስተኛው ቀን አንዷ "ሰማያችን የት ጠፋ?" ብላ ጻፈች። ሌላው ደወለለት። እናቱ በድንገት ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፤ እሱም ከአጠገባቸው አልተነሳም።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉ። ግሩፑ ላይ የ"አይዞህ" መዓት አልወረደም። አንዱ የሐኪሞቹን ወረቀት አንብቦ በሰው ቋንቋ አስረዳው። ሁለት ሰዎች ተራ ገብተው ማታ ማታ ይደውሉለት ጀመር። አንድ ሰው ደግሞ የጀመረውን ሥራ ተረክቦ ጨረሰለት። ከሳምንት በኋላ ፎቶው ተመለሰ፣ አሁን ከሆስፒታሉ መስኮት። ግማሹ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ሁላችንም መልስ ሰጠን።

እኔ ስለ ትንሽ ግሩፕ የማውቀው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የእናንተ መጥፋት የሚታወቅበት ቦታ ነው። አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ለሦስት ቀን ቢጠፋ ሶፍትዌሩ የሌላ ሰው ፖስት ያሳያል፣ ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ያለው ግሩፕ ሰርች ተደርጎ አይገኝም። በር ላይ ስሙ አልተጻፈም። የሚገባው በሰው በኩል ነው፤ ሰውየው ደግሞ የሚገኘው ትልቁ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ "ጓደኛ እፈልጋለሁ" ብላችሁ አትውጡ። በአንድ ጉዳይ ውጡ። የድሮ ሬዲዮ መጠገን ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋ መማር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ማሳደግ። እዚያ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ ጥያቄን ሳያንቋሽሽ የሚመልስ ሰው ይኖራል፤ ሁልጊዜም አለ። ለእሱ በግል ጻፉለት። ምስጋና ብቻ አትጻፉ፤ የነገራችሁን ሞክራችሁ ምን እንደሆነ ንገሩት። መካሪ ምክሩ የት እንደደረሰ መስማት ይወዳል። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ቀን "እኛ ጋ ትንሽ ግሩፕ አለች" ይላችኋል።

ቀስ ብሎ ያልኩት በምክንያት ነው። በ2018 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ያወጡት ጥናት አለ። ሰው ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል ይላል። ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ ቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 በላይ። በቀን ሁለት ደቂቃ ቻት ይህን አስሉት። ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ "ደረቅ ሰዎች ናቸው" ብላችሁ መውጣት የሌለባችሁ። ለዚህም ነው አንዳንዴ መደወል የሚያስፈልገው። ድምፅ ጽሑፍ የሚያበላሸውን ያቃናል። የእኔ እኩያ "እሺ።" ብሎ አራት ነጥብ ሲያስቀምጥ ወጣቱ የተቆጣ ይመስለዋል። ሰውየው ግን የተማረው ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚያልቅ ነው።

ከገባችሁ በኋላ አድፍጣችሁ አትቀመጡ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2006 የጻፉት አንድ ግምት አለ። በትልልቅ የኦንላይን ማኅበረሰቦች ከመቶው 90ው ያነባል ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1 ሰው ነው። በትልቅ ቦታ ይሄ ችግር የለውም። ሃያ ሰው ባለበት ግን ዝምታችሁ ይታያል። ትልቅ ሐሳብ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። "ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ይበቃል። ለሰው ወሬ አውራ ጣት ለጥፋችሁ አትለፉ፤ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ፈተናውስ እንዴት ሆነ?" ብሎ ከሳምንት በኋላ የሚጠይቅ ሰው በየትኛውም ግሩፕ ውስጥ ብርቅ ነው። እና እባካችሁ ፎርዋርድ ቀንሱ። ሃያ ሰው የተሰበሰበው የእናንተን ቃል ለመስማት ነው፣ ከየትም የመጣ ቪዲዮ ለማየት አይደለም።

አሁን ደግሞ የሙያዬን ላንሳ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የግል ማለት ምስጢር ማለት አይደለም። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ቆልፎ ነው የሚያደርሰው። የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ አይደለም፤ ያ ዓይነት ቁልፍ ቴሌግራም ላይ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረገው ምስጢራዊ ቻት ነው። ለማንኛውም የትኛውም ቁልፍ ስክሪንሾትን አይከለክልም። ሃያ ሰው ባለበት ሃያ ስልክ አለ፤ ከሃያው አንዱ በልጅ እጅ ነው፣ አንዱ ታክሲ ውስጥ ተረስቷል። የራሳችሁን ሕመም መጻፍ የእናንተ ፈንታ ነው። የባልደረባችሁን ትዳር ግን እዚያ አትጻፉ።

ትንሽ ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። የማታውቁት ሰው ድንገት "ልዩ ግሩፕ" ውስጥ ከቶ ስለ ትርፍና ስለ ክሪፕቶ ካወራ፣ መልስ ሳትሰጡ ውጡ። እዚያ የሚያመሰግኑት "አባላት" ብዙ ጊዜ የአንዱ አጭበርባሪ ተቀጥላዎች ናቸው። ዋትስአፕም ቴሌግራምም ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባችሁ እንደሚችል የምትወስኑበት ሴቲንግ አላቸው፤ በእውቂያችሁ ላለ ሰው ብቻ አድርጉት። ሌላው ዓይነት ቀስ ብሎ ነው የሚበላሸው። ቀኑን ሙሉ የሌለ ሰው ይታማል፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ይሾፍበታል፣ አንድ ሰው ተቆጥቶ ሌላው ያጨበጭባል። ከዚያ ስትወጡ ልባችሁ ከከበደ ግሩፑን ሚዩት አድርጋችሁ አትቆዩ፣ ተሰናበቱ።

የእኔ እኩዮች "ትልቁን ሁሉ ዝጉት፣ አጥፉት" ሲሏችሁ አትስሟቸው። እነሱ ጡረታ ወጥተዋል፤ እናንተ ገና ሥራ ትፈልጋላችሁ። አሜሪካዊው የሥነ ኅብረተሰብ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት ሰዎች ሥራ ያገኙበትን መንገድ መርምሮ ነበር። ወሬውን በብዛት ያመጡላቸው አልፎ አልፎ የሚያገኟቸው ሰዎች እንጂ የቅርብ ወዳጆቻቸው አልነበሩም። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰፊውን በር በርግዱት፣ ግን አትደሩበት። ዕድሜያችሁ ሲጨምር እዚያ የምታሳልፉት ሰዓት በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ጓዳው ግን ያን ጊዜ ተነስታችሁ ልሥራ ብትሉ አይደርስም። አሁን ነው የሚጀመረው።

ግሩፑን የሚያቆየው ሰው ሥራም ቀላል አይደለም። ሁለት የተጣሉትን በግል ያነጋግራል፣ አዲስ የገባውን ያስተዋውቃል፣ ዝም ያለውን ይፈልጋል። ማንም አያመሰግነውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ተካፈሉት። እኔ ባለሁበት ግሩፕ የአድሚኑ ሥራ በየስድስት ወሩ ይዞራል፤ ሁለት ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አብሮ ይይዘዋል። ዋትስአፕ ላይ ብቸኛው አድሚን ከወጣ ሶፍትዌሩ ከአባላቱ አንዱን ዝም ብሎ ይሾማል፤ ማን እንደሚደርሰው አታውቁም። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ አባል አንድ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ተቀብለን ሁለቱ አድሚኖች ጋ አስቀምጠናል። ሰው ሲጠፋ የራሱ ስልክም አብሮ ይዘጋል። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ቁጥሩን ስትጠይቁ ለምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ማንም ቅር አይለውም።