ፖሊስ «ኮሽን ወስደህ ወደ ቤትህ ሂድ» ካለ ይፈረም ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ፖሊስ ኮሽን (ፍርድ ቤት ሳትቀርብ ፖሊስ ራሱ የሚሰጥህ የሚመዘገብ ማስጠንቀቂያ) ፈርምና እዚሁ እንልቀቅህ አለው፣ ይፈርም ወይ ላልሽው፣ ጠበቃ ሳያናግር በፍጹም እንዳይፈርም በይው። እኔም እዚሁ ለንደን አብሮኝ ቤት የሚጋራ ልጅ ገፈተረኝ ብሎ ከሶኝ ተይዤ ነበር። ፖሊሱ ሰው አክባሪ ነው፣ ሻይ ሁላ አምጥቶልኛል፣ «ጥፋቱን እመንና ኮሽን ወስደህ ዛሬውኑ ትገባለህ፣ ፍርድ ቤት ምናምን የለም» አለኝ፣ ደክሞሃል፣ ነገ ጠዋት ሽፍት አለህ፣ እሺ ብለህ መውጣት ነው የሚያምርህ። ግን እኔ አልገፈተርኩትማ! ጠበቃና አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ አልኩ። ሁለቱም በነጻ ነው፣ ደሞዝህን አይጠይቁህም፣ ሳትታሰር ለቃል በቀጠሮ ብትጠራም ያው ነው። ጠበቃዋ መጥታ መጀመሪያ ፖሊሱን ማስረጃችሁ ምንድነው አለችው፣ ከልጁ ቃል ሌላ ምንም የለም፣ ካሜራም ምስክርም የለም፣ ከዛ ለብቻችን በር ዘግተን አወራን፣ በሷ ምክር ቃል አልሰጥም አልኩና ለቀቁኝ፣ በኋላም ክስ የለም የሚል ደብዳቤ መጣ።

ኮሽን የሚሰጠው ጥፋቱን ላመነ ሰው ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት አይደለም፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ፖሊስ ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ኬር (አረጋዊና በሽተኛ መንከባከብ) ወይም ትምህርት ቤት ለመቀጠር በሚጠየቀው ዲቢኤስ፣ ማለትም የወንጀል ታሪክ ማጣሪያው ላይ ሊወጣ ይችላል፣ የእንግሊዝ ዜግነት ስትጠይቂም መናገር ግዴታ ነው። የኛ ሰው ስንቱ ነው ኬር የሚሠራው! ኮሽኑ ኮንዲሽናል፣ ማለትም ቅድመ ሁኔታ ያለው ከሆነ ደግሞ ያንን ካላሟላ በዋናው ጉዳይ ሊከሱት ይችላሉ። ኮሚዩኒቲ ሪዞሉሽን የሚሉት፣ ይቅርታ በመጠየቅ ወይም በመካስ የሚያልቀው፣ ቀለል ይላል፣ እሱም ቢሆን ኢንሃንስድ በሚባለው ጠለቅ ያለ ዲቢኤስ ላይ ሊታይ ይችላል። ይሄ ሁሉ የእንግላንድና ዌልስ ነው፣ ስኮትላንድ ሕጉ ሌላ ነው።

እውነት አድርጎት ከሆነና ማስረጃም ካለ ግን ኮሽኑ ከክስ ሊሻለው ይችላል፣ እምቢ ካለ ሊከሱት ስለሚችሉ በጭፍን እምቢ በል አልለውም፣ ይሄን የሚመዝንለት ፖሊስ ምን ማስረጃ እንዳለው የጠየቀ ጠበቃ ነው። ወንድምሽ ሥራው ምንድነው፣ የመኖሪያ ወረቀቱስ? ገና ዜግነት ያልጠየቀ ከሆነ ወይ ኬር የሚሠራ ከሆነ ገና ሲገናኙ ለጠበቃው መጀመሪያ እሱን ይንገረው።