ራዲያተሩ ቀዝቃዛ፣ ፕሮሰሰሩ እሳት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ፈረንጅ አራዳ ከወንድሜ ጋር ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። ሠርግና ምርቃት እንቀርጻለን። ኤዲቲንጉን የምሠራው እኔ ነኝ። የኮምፒውተራችን ፕሮሰሰር ኮር አይ7 12700ኬ ነው። ማቀዝቀዣው የውሃ ነው፤ ባለ 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሬንደር (ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት) ስጀምር 100 ዲግሪ ይገባና ሥራው ይንቀራፈፋል። ምንም ሳልሠራበት እንኳ፣ ስከፍተው 45 የነበረው ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ 85 ይደርሳል። ራዲያተሩን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። የወንድሜ ጓደኛ ፔስቱን፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን፣ ሁለት ጊዜ ቀየረው፤ ለውጥ የለም። አንድ ባለሙያ ውሃው አልቋል፣ የባትሪ ውሃ እንሙላበት ይላል። ሌላው ደግሞ ጣሉትና አዲስ ግዙ አለን። ጥር ገብቷል፤ የሦስት ሠርግ ቪዲዮ እጄ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ረስቼው፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫኑ ይላል። ሰዓቱም ወደ ኋላ ይመለሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? በቅድሚያ አንድ ነገር ልለምንሽ። የባትሪ ውሃውን እንዳያስገቡበት። ካቻቢቴውንም ለጊዜው ተቀበያቸው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሱ ያለው «ረስቼው» ብለሽ መጨረሻ ላይ ባስገባሻት መስመር ውስጥ ይመስለኛል። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከአዲስ አበባ ጅማ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ጊቤ በረሃ ላይ ሞተሩ ቢግልበት ዘሎ ራዲያተር አይገዛም። ወርዶ ኮፈን ይከፍታል። ፋኑ ይዞራል? ቺንጋው አለ? ውሃው ይንቀሳቀሳል? ሙቀቱ የት ላይ እንደቆመ ይፈልጋል። ያንቺም ማሽን ከዚህ አይለይም። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ይነሳል። በፔስቱ አልፎ መዳቡ ሳህን ውስጥ ይገባል። ውሃው ከሳህኑ ይቀበለዋል። ፓምፑ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ይገፋል። ፋኖቹ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ያወጡታል። ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ዕቃ ቁጠሪው። ዕቃው ካልደረሰ ማን እጅ ላይ እንደቀረ መጠየቅ ነው።

አንቺ ሳታውቂው ግማሹን ጠይቀሻል። ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ሆኖ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ራዲያተሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ፋኖቹም አቧራውም ከጥፋቱ ነፃ ናቸው። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ራዲያተሩ ራሱ ይግል ነበር። ሁለት ተጠርጣሪ ቀረ። ወይ ሳህኑ ከፕሮሰሰሩ ጋር በደንብ አልተጣበቀም፤ ወይ ውሃው ቆሟል።

ሁለቱን የሚለያቸው ሙቀቱ ለመውጣት የሚወስደው ጊዜ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያይም፤ እኔ ግን ከቴርሞሜትሩ በላይ የማምነው እሱን ነው። ሳህኑ ካልተጣበቀ፣ ሥራ ሲጀመር ሙቀቱ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ዘሎ 90ዎቹ ውስጥ ይገባል። ሥራው ሲቆም ደግሞ ወዲያው ይወርዳል። ውሃው ከቆመ ግን ነገሩ ዝግ ያለ ነው። ሳህኑ ላይ ያለችው ጥቂት ውሃ ቀስ እያለች ትሞቃለች። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦም ቁጥሩ መውጣቱን አያቆምም። አንቺ ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ከ45 ወደ 85 ወጣ አልሽኝ። ይህ የፔስት ጠባይ አይደለም። የቆመ ፓምፕ ጠባይ ነው። ፔስቱን አሥር ጊዜ ቢቀይሩትም ለውጥ አይመጣም።

አሁን «ረስቼው» ወዳልሻት መስመር፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሰዓት እንመለስ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስኬደው፣ በብዙ ቦርዶችም የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም) ማስተካከያ የምትይዘው እሷ ናት። ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ይረሳል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኤፍ1 ተጫኑ የሚለውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ታዲያ ባዮሱ ሰዓቱን ብቻ አይደለም የሚረሳው። ማሽኑን የገጠመልሽ ሰው «ፓምፑ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ይዙር» ብሎ አስተካክሎት ከነበረ፣ ያንንም ይረሳል። ከዚያ በኋላ ቦርዱ ፓምፑን እንደ ተራ ፋን ይቆጥረዋል። ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ይቀንስበታል። አንዳንድ ፓምፕ በዚያች ጥቂት ቮልት መነሳት አይችልም። ተኝቶ ሊቀርም ይችላል።

ይህን የተማርኩት ሰው አክስሬ ነው። ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን አንድ መምህር እንዲሁ የሚግል ማሽን አመጣልኝ። ፔስቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በመጨረሻ ማቀዝቀዣው ሞቷል አልኩት። ተበድሮ ከአዲስ አበባ አዲስ አስመጣ። ገጠምኩት፤ ያው ሙቀት። ያን ምሽት ሱቁን ዘግቼ ባዮሱን ስከፍት የፓምፑ ቁጥር ዝቅተኛው ላይ ተቀምጧል። አሮጌው ጤነኛ ነበር። የማቀዝቀዣውን ዋጋ መለስኩለት። ሥራ የፈታበትን ሁለት ሳምንት ግን ልመልስለት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ የፓምፑን ዙር ሳላይ ብሎን አልፈታም።

አንቺም ከዚያው ጀምሪ። ማሽኑን ስታስነሺ ዴል ወይም ኤፍ2 ተጫኚና ባዮስ ግቢ። ኤፍ1 የሚለውን ጽሑፍም ከመጫንሽ በፊት አንብቢው። «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ካለ ቦርዱ ራሱ ዙር አላየሁም እያለሽ ነው። የፋኖቹን ገጽ ስትከፍቺ እያንዳንዱ በደቂቃ ስንት እንደሚዞር ይታያል። ጤነኛ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 በላይ ያሳያል። ዜሮ ወይም ባዶ ከሆነ ያዝነው ማለት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ፓምፑ የተሰካበትን መስመር ፈልገሽ «ፉል ስፒድ» አድርጊው። መስመሩ «ኤአይኦ ፓምፕ» ወይም «ሲፒዩ ፋን» ተብሎ ይጻፋል። ኤፍ10 ተጫኚና አስቀምጪ። ከዚያ ኬዙን ከፍተሽ ጣትሽን ፓምፑ ላይ አሳርፊ። ቀጭን ንዝረት ይሰማሻል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ድምፁም ይሰማል። ሬንደር ጀምሪና ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ሁለቱን ቱቦዎች ንኪ። ሁለቱም ለብ ካሉ፣ ራዲያተሩም ከሞቀ ውሃው መሄድ ጀምሯል።

ከዚያ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ንቀይና ባትሪዋን ቀይሪ። ርካሽ ናት። እሷን ሳትቀይሪ ብትተዪው ነገ መብራት ሲሄድ እዚያው ነን። ከቀየርሽ በኋላ ቀኑንና የፓምፑን ማስተካከያ እንደገና አስገቢ።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ያንቺ ፕሮሰሰር በመሠረቱ 125 ዋት፣ ሲጨነቅ 190 ዋት እንዲበላ ነው የተሠራው። ብዙ ቦርድ ግን ማስተካከያው ሲጠፋ ገደቡን ይለቀዋል። ገደቡ ላይ 4,096 የሚል ቁጥር ካየሽ ገደብ የለውም ማለት ነው። 190 ላይ እሰሪው። ለሌሊት ሬንደር 125 ላይ ብታደርጊው ደግሞ ክፍሉም ይቀዘቅዛል፣ ሥራውም ያን ያህል አይዘገይም። ጤነኛ ሲሆን ሥራ ፈትቶ ከ30 እስከ 45፣ ሬንደር ላይ ከ70 እስከ 85 ብታዪ ደስ ይበልሽ። 100 ፋብሪካው ያስቀመጠለት ጣሪያ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መንቀራፈፉ ከዚያ ነው የመጣው።

ውሃ እንሙላ ላለው ሰው በትህትና ይህን ንገሪልኝ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚወጣ ነው፤ እንደ መኪና መሙያ ክዳን የለውም። ውስጡ ያለውም ንጹህ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ዝገት የሚከላከል ነገር ተቀላቅሎበታል። ሳህኑ መዳብ፣ ራዲያተሩ አልሙኒየም ነው። መከላከያ የሌለው ውሃ ሲገባበት ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ይበላላሉ። ውሃ በዓመታት ውስጥ በቱቦው እየተነነ መቀነሱ እውነት ነው። ያኔ ግን ፓምፑ ሲንቦጫረቅ ትሰሚዋለሽ።

ሙሉ ኃይል ሰጥተሽውም ዙሩ ዜሮ ከሆነ ገመዱን ነቅለሽ ሌላ የፋን መሰኪያ ላይ ሞክሪው። እዚያም ዜሮ ከሆነ፣ በጣትሽም ንዝረት ካልተሰማሽ፣ ፓምፑ በእርግጥ ሞቷል። በሞተ ፓምፕ ሬንደር አታድርጊ። ያኔ ምክሬ ሌላ የውሃ ማቀዝቀዣ ሳይሆን ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ የክፍሉን ሳይሆን ፕሮሰሰሩን ያለ ውሃ በፋን የሚያቀዘቅዘውን ማለቴ ነው። ስትገዢ ለኤልጂኤ1700 (የፕሮሰሰርሽ መቀመጫ መጠሪያ ነው) የሚሆን ማሰሪያ እንዳለው በዓይንሽ እዪ። የድሮው ማሰሪያ ቀዳዳው አይገጥምም። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሳይሆን በሰያፍ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ።

አቧራውን ከጥፋቱ ነፃ ነው አልኩ እንጂ ይቀመጥ አላልኩም። ጥር ላይ የቡና መፈልፈያዎቹ ሲሠሩ የገለባው ብናኝ እስከ ስቱዲዮሽ ይደርሳል። ቡና የምታፈሉት እዚያው ክፍል ከሆነ የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ብናኙን ራዲያተሩ ላይ ያጣብቀዋል። በወር አንዴ በለስላሳ ብሩሽ አጽጂው። ብሎወር ከተጠቀምሽ ፋኑን በጣትሽ ያዥው፤ በነፋሱ እንዳይሽከረከር። ደግሞም ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ ካየሽው ቁጥር በጥቂት ዲግሪ ብትበልጪ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ራይዘን 5 7600ኤክስ ፕሮሰሰር አለኝ። ሥራ ሲበዛበት 95 ዲግሪ ይደርሳል። ሊቃጠልብኝ ነው? ብር አጠራቅሜ የውሃ ማቀዝቀዣ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቃጠልም። በ2022 የወጡት እነዚህ ራይዘኖች እስከ 95 እየሄዱ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተሠሩት። ቅዝቃዜ ባገኙ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራሉ እንጂ አያርፉም። ባዮስ ውስጥ «ኢኮ ሞድ» የሚል አለ። 105 ዋት የነበረውን 65 ላይ አድርገው። ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ከፍጥነቱ የምታጣው ግን ትንሽ ነው። ለዚህ ፕሮሰሰር ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ቢበላሽ የሚሞተው ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ ጅማ ውስጥ ይገኛል። ፓምፕ ሲሞት ግን ጠቅላላው ተነቅሎ አዲስ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ብርህን ለዩፒኤስ አውለው። መብራት ሲሄድ የመመረቂያ ሥራህ ሳይቀመጥ እንዳይጠፋብህ።