ቦርሳችሁ ውስጥ ምን አለ?

ልጆች፣ እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እኔ ፀጉሬ የሸበተው በሥነ ምግብ ሙያ ነው። በእናንተ ዕድሜ ያለ ወጣት ቢሮዬ ሲመጣ ጥያቄው ይታወቃል፤ «ስፖርት ከሠራሁ በኋላ ቶሎ የሚደርስ፣ ጤናማ የሆነ ምን ልብላ?» እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት «ከጂም ስትወጣ ቦርሳህ ውስጥ ምን ነበር?» እለዋለሁ። ፎጣ፣ የውሃ ኮዳ፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ። የሚበላ ነገር የለም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንቁላል ከኬክ እንደሚሻል የማያውቅ ወጣት እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን ሰው ደክሞት፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ሆዱ እየጮኸ መንገድ ላይ ሲቆም የሚመርጠው በጭንቅላቱ አይደለም፣ በአፍንጫው ነው። የሚጠበስ ነገር ከሸተተው በቃ፣ አለቀለት። ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት ሳይርባችሁ፣ ማታ ወይም ጠዋት ቦርሳ ስታዘጋጁ ነው። ስንቅ ያዙ ነው የምላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ለመሆኑ ምን ያህል ሠራችሁ? 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ ማለቴ ነው፣ ወደ 140 ካሎሪና 35 ግራም ስኳር አለው። ልፋታችሁን ውሃ በላው፤ ያውም ስኳር ያለበት ውሃ። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አድርጋችሁ ምሳ ወይም እራት ሰዓት ከተቃረበ ልዩ ምግብ አያስፈልጋችሁም። ውሃ ጠጡና ምግባችሁን በሰዓቱ ብሉ። ላብ ያለበት ሰው ሁሉ ስፖርተኛ አይደለም፣ አትቀየሙኝ።

ጠንከር ያለ ሥራ ከሆነ ግን፣ ረጅም ሩጫ ወይም ክብደት ማንሳት ወይም ሙሉ የኳስ ጨዋታ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ጡንቻ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጠቀመው ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ኃይል አለው፤ የሚሠራውም ከካርቦሃይድሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ ያደረጉትን ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ። ሌላ ሰው አልፈለጉም፣ ራሳቸው ላይ ሞከሩት። አንድ ብስክሌት ላይ በአንድ ጎኑ አንደኛው፣ በሌላው ጎኑ ሁለተኛው ሆነው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ፔዳል መቱ። ሌላኛው እግራቸው ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ከዚያ ለ3 ቀን ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እየበሉ፣ ከሁለቱም እግራቸው በመርፌ የጡንቻ ናሙና እየወሰዱ ለኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ምግብ፣ ሁለት እግር። የሠራው እግር ካረፈው እጥፍ ገደማ ግላይኮጅን አጠራቀመ።

ይሄን የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ድንችና ሩዝ እንደ ጠላት ስለምታዩ ነው። ካርቦሃይድሬት ፈርቶ ዶሮ ብቻ እየበላ «ለምን አቅም አጣሁ?» የሚለኝ ስንቱ ነው! ከከባድ ስፖርት በኋላ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ አጃ፣ ሁሉም ደግ ነው። የሠራው ጡንቻ ራሱ ይስበዋል።

ከዚያ ፕሮቲን ይጨመርበታል። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ግራም በቂ ነው፤ ቀለል ያለ ሰውነት ያላችሁ ወደ 20 ጠጋ በሉ። ቁጥሩ አያስፈራችሁ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ 8 ግራም አለው። ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ማለት 20 ግራም ነው፣ ሙዝ ሲጨመርበት ደግሞ ሙሉ ምግብ ሆነ፤ የሚፈጀው ጊዜ እንቁላሉን ለመላጥ ያህል ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ የማትበሉ ደግሞ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣችኋል፤ ማታ የተረፈውን ምስር ዳቦ ውስጥ ከታችሁ መያዝ ነው። የቆርቆሮ ቱናም ዘይቱን ወይም ውሃውን አፍስሳችሁ ብትበሉት በ100 ግራም ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። አጠገባችሁ ለሚቀመጠው ሰው ግን እዘኑለት።

የፕሮቲን ፓውደሩስ? ትሉኛላችሁ። በብዛት የሚሸጠው ከወተት አጓት ተጣርቶ የደረቀ ነው። መርዝ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። ለመያዝ ይመቻል፣ በቃ። ወተትና እንቁላል ማግኘት እየቻላችሁ ደሞዛችሁን እዚያ ላይ የምታፈሱ ከሆነ ግን ልብ በሉ።

ሌላው ያሰለቸኝ ነገር የ30 ደቂቃው ወሬ ነው። «በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልበላህ ልፋትህ ከንቱ ነው» ተብሎ ፓውደሩን በጥብጦ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚጨልጥ አለ። ተረጋጉ። ጡንቻ ከሥራ በኋላ ፕሮቲንን በደንብ የሚጠቀምበት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይዘልቃል። ስፖርት ከመጀመራችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት በልታችሁ ከሆነማ ያ ምግብ ገና ሥራ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትበሉት ድምር ነው ዋናው ነገር፤ አዘውትሮ ጠንክሮ ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.4 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። መቸኮል ያለባችሁ ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በባዶ ሆድ በጠዋት ከሠራችሁ፣ ሁለተኛው በ8 ሰዓት ውስጥ ተመልሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ። ያኔ ቶሎ ብሉ፣ በተለይ ካርቦሃይድሬቱን።

አሁን ወደ ሱፐርማርኬቱ እንሂድ። «ፊትነስ» የሚል ቃልና የሚሮጥ ሰው ሥዕል ያለበት ማሸጊያ ስታዩ ገልብጡት። የተዘረዘሩት ነገሮች በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ስኳር ወይም ሽሮፕ ከሆነ የያዛችሁት ከረሜላ ነው። እርጎም እንደዚያው። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም ከወተቱ የመጣ 5 ግራም ገደማ ስኳር ይኖረዋል። የፍራፍሬ ጣዕም ያለው 12 ወይም 14 ካላችሁ ትርፉ የተጨመረ ነው። ንጹሁን ገዝታችሁ ሙዝ ቆርጣችሁ ጨምሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ ውስጥ ያለውንም ቆጥሮ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ለአንድ አዋቂ 50 ግራም አካባቢ መሆኑ ነው።

የስፖርት መጠጥ የሚባለውም የራሱ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጌቶሬድን የሠሩት ሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ላብ በላብ ለሚሆኑ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ነው። ለ40 ደቂቃ ለሠራ ሰው ውሃ ይበቃል። ብዙ የሚያልባችሁ ከሆነ ግን አንድ ቀን ከስፖርት በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ በሚቀጥሉት ሰዓታት ቀስ እያላችሁ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር መጠጣት አለባችሁ፤ ትንሽ ጨው ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት ውሃውን ይይዘዋል። በአንዴ መጋት አያስፈልግም። ከመጠን ያለፈ ውሃ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አውርዶ ሰው ይገድላል፣ ቀልድ አይደለም።

ስንቅ ያዙ ስላልኳችሁ ስለ አያያዙም ልንገራችሁ። እንቁላል ስትቀቅሉ በዛ አድርጋችሁ ቀቅሉ፤ ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሳትልጡት ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ የምትልጡት ስትበሉ ነው። ፍሪጅ ከሌለ እንቁላልም እርጎም ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ቀኑ በጣም ሞቃት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ያን ቀን ሙዝ፣ ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ያዙ፤ እነዚህ አይበላሹም። የበሰለ ሩዝም ውጭ የሚያድር ነገር አይደለም። ውስጡ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ብታሞቁትም አይጠፋም። ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከከባድ ስፖርት በኋላ ምግብ ጭራሽ አያሰኛችሁም። የተለመደ ነገር ነው፣ ጠንካራ እንቅስቃሴ የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ይዘጋል። ችግሩ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ፍሪጁን ከፍታችሁ ቆማችሁ የምትበሉትን ማንም አይቆጥረውም። ማኘክ ካቃታችሁ ጠጡት፤ ወተት ከሙዝና ከአንድ ማንኪያ አጃ ጋር ፈጭታችሁ ቀስ እያላችሁ ጨርሱት።

የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ የፕሮቲኑን ቁጥር ከእኔ አትውሰዱ፣ ሐኪማችሁ ይወስንላችሁ። ኢንሱሊን የምትወስዱም እንደዚሁ፤ ስፖርት ስኳራችሁን ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝታችሁ እያለ ጭምር ሊያወርደው ስለሚችል ከመተኛታችሁ በፊት ለኩ፣ አልጋችሁ አጠገብም ጣፋጭ ነገር ይኑር።